የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ የሙያ ምርጫውና የመሐንዲሶች ድርሻ

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



መሐንዲስ ሥራውን የሚጀምረው ከመሬቱ ነው። ጉድጓድ ተቆፍሮ የአፈሩ ጠባይ ሳይመረመር መሠረት አይጣልም። አዲስ አበባ ውስጥ የሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ጥቁሩ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ይህንን ሳይመረምር ግንብ ያቆመ ሰው ጥፋቱን የሚያየው ቤቱ ካለቀ በኋላ፣ ግድግዳው ሲሰነጠቅ ነው። ለድንጋይና ለሲሚንቶ ይህን ያህል ጥንቃቄ ሲደረግ፣ ገና በአሥራ ሰባትና በአሥራ ስምንት ዓመቱ የዕድሜ ልክ ሥራውን እንዲመርጥ ለሚጠየቀው ወጣት ግን ተመጣጣኝ ምርመራ አይደረግለትም። የዚህ ንግግር ዓላማም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ለሚፈጽም ተማሪ ሊሰጥ የሚገባውን የትምህርትና የሙያ ምክር መመርመርና በዚህ ረገድ የመሐንዲሱ ድርሻ ምን እንደሆነ ማመልከት ነው።

ጉዳዩ የመምህራን እንጂ የመሐንዲሶች አይደለም የሚል አስተያየት ሊነሣ ይችላል። ይሁን እንጂ የዘመናዊ ሙያ ምክር መሥራች ከሚባሉት ሰዎች ግንባር ቀደሙ፣ አሜሪካዊው ፍራንክ ፓርሰንስ፣ በትምህርቱ የሲቪል መሐንዲስ ነበር። ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ በባቡር ሐዲድ ሥራ ተሰማራ፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1873 ዓ.ም. የደረሰው የገንዘብ ቀውስ ብዙ የባቡር ኩባንያዎችን ሲጥል እርሱም ሥራውን አጣ። ከዚያም የጉልበት ሠራተኛ፣ መምህርና የሕግ ባለሙያ ሆኖ ኖረ። ሥራ ማጣትንና ሙያ መለወጥን በራሱ ሕይወት የቀመሰው ይህ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ ለወጣቶች የሙያ ምክር የሚሰጥ ቢሮ አቋቋመ። በዚያው ዓመት ቢያርፍም፣ ስለ ሙያ አመራረጥ የጻፈው መጽሐፍ በቀጣዩ ዓመት ታትሞ ወጣ።

የፓርሰንስ ትምህርት በሦስት ነገሮች ይጠቃለላል። የመጀመሪያው ወጣቱ ራሱን፣ ይኸውም ዝንባሌውን፣ ችሎታውንና የጎደለውን ጭምር እንዲያውቅ ነው። ሁለተኛው ሥራዎችን፣ ማለትም እያንዳንዱ ሙያ የሚጠይቀውን፣ የሚሰጠውንና የሚነሣውን እንዲያውቅ ነው። ሦስተኛው ሁለቱን በእውነተኛ ሚዛን እንዲያመዛዝን ነው። ይህ ሐሳብ ከተጻፈ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቢያልፈውም፣ መሠረቱ ዛሬም ያው ነው። በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ዘንድ ጎልቶ የሚታየው ጉድለት ሁለተኛው ነው፤ ተማሪው የሥራዎቹን ስም እንጂ ሥራዎቹን አያውቅም።

የምርጫው ሥርዓት ራሱ ባለፉት ስድሳ ዓመታት ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። እ.ኤ.አ. በ1961 ዓ.ም. ቀድሞ ለየብቻ የነበሩት ኮሌጆች፣ የምሕንድስናውና የሕንፃ ኮሌጆች ጭምር፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሲጠቃለሉ፣ የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ዓመት ለተማሪው የማሰቢያ ጊዜ ይሰጠው ነበር። ጥቂት ቆይቶ በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደግሞ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየሄዱ፣ በአብዛኛው በመምህርነት ያገለግሉ ስለነበር፣ የገጠሩ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምን እንደሚመስል በዓይኑ ያይ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሁለተኛ ደረጃን ለሁለት ከፍሎ፣ ወደ ቴክኒክና ሙያ ወይም ወደ መሰናዶ የሚያመራውን መንገድ ከአሥረኛ ክፍል በኋላ አደረገው። በ2001 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው አሠራር ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች ሰባ በመቶው በሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳ በመቶው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ አደረገ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ተመለሰ።

ከእነዚህ ለውጦች እያንዳንዱ የየራሱ ምክንያት ነበረው። ለተማሪው ግን የምርጫው በር በየጊዜው ቦታውን ሲለውጥ፣ በሩ ላይ ቆሞ የሚመክር ሰው አልተገኘለትም። ሰባ በመቶው በሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲመደብ፣ ብዙ ወጣቶች ምን እንደሚሠራ ሳያውቁት ወደ ምሕንድስና ገብተዋል፤ ከተመረቁም በኋላ በሙያቸው ሥራ ሳያገኙ የቆዩት ጥቂት አይደሉም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ተመራቂው የመውጫ ፈተና ማለፍ ስላለበት፣ ያለ ዝንባሌ የተመረጠ ትምህርት ዋጋው ይበልጥ ከብዷል።

ነገሩን በምሳሌ መመልከት ይሻላል። በአንዲት የወረዳ ከተማ የምትኖር አንዲት ተማሪ አለች እንበል። አሥረኛ ክፍልን ስትጨርስ ከተፈጥሮ ሳይንስና ከማኅበራዊ ሳይንስ አንዱን እንድትመርጥ ተጠየቀች፤ ጓደኞቿ የመረጡትን መረጠች። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አልፋ የዩኒቨርሲቲዎችን ስም በቅደም ተከተል እንድትሞላ ስትጠየቅ፣ በስም የምታውቃቸውን ከላይ ጻፈች። የመጀመሪያውን ዓመት ፈጽማ የትምህርት ክፍል ስትመርጥም፣ የሰማችው ቃል ከልጅነቷ ጀምሮ የሰማችው ያው ነው፤ «ሕክምና፣ ካልሆነም ኢንጂኔሪንግ»። ሦስት ጊዜ መረጠች፤ ሦስቱንም ጊዜ የጠየቀችው ከእርሷ የተሻለ የማያውቀውን ሰው ነው።

ከእርሷ ጋር በአንድ ወንበር የተቀመጠ አንድ ልጅ ደግሞ አለ። የጎረቤቱን ሬዲዮና የወፍጮ ቤቱን ሞተር የሚጠግነው እርሱ ነው። በፈተናው አላለፈም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤቱም ሆነ በሰፈሩ «የወደቀው ልጅ» ተባለ። ስለ እርሱ ምርጫ የጠየቀ፣ ስለ እጁ ብልሃት ያነሣ ማንም የለም።

እንዲህ ያለው ልጅ ብቸኛ አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እንዲሰጥ ከተደረገ ወዲህ፣ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በዚያው ዓመት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። በመጀመሪያው ዓመት አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ ናቸው። ሪሚዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት የተወሰኑትን መልሶ ቢያስገባም፣ የብዙኃኑ መንገድ በዩኒቨርሲቲ በኩል እንዳልሆነ ቁጥሩ በግልጽ ይናገራል። እንግዲህ የሙያ ምክር ማለት «የትኛውን የትምህርት ክፍል ልምረጥ?» ለሚለው ጥያቄ ብቻ መልስ መስጠት ከሆነ፣ ምክሩ ከመቶው ተማሪ ዘጠናውን ከደጅ አቁሞ አሥሩን ብቻ የሚያስተናግድ ይሆናል ማለት ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ መሐንዲሱ ራሱን ሊመረምር ይገባዋል። በየግንባታው ቦታ የሚሰማው ሮሮ የታወቀ ነው፤ ጥሩ በያጅ ጠፋ፣ የሚታመን ቀያሽ ጠፋ፣ ሥዕል አንብቦ ብረት የሚያስር ፌሮ ሠራተኛ ጠፋ ይባላል። ይኸው ሮሮ የሚያሰማው መሐንዲስ ግን ልጁ ቴክኒክና ሙያ ልግባ ቢለው ፊቱ ይጠቁራል። ኅብረተሰቡ ለእጅ ሙያ ያለውን ንቀት መሐንዲሱ አልፈጠረውም፤ ነገር ግን ሊያፈርሰው የሚችል ሰው ቢኖር፣ የአንድ ባለሙያ እጅ የአንድን ምሰሶ ዕድሜ እንደሚወስን በየቀኑ የሚያየው እርሱ ነው። አገሪቱም በዚህ ረገድ ያለ ታሪክ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1942 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ተግባረ እድ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1963 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲቲዩት ለፋብሪካውና ለአውደ ጥናቱ የሚሆን የሰው ኃይል አፍርተዋል። ከእነርሱ የወጣ ቴክኒሺያን ሥራው ፊት ሲቆም የሚያፍርበት ምክንያት አልነበረውም።

ለተማሪው የሚነገረው ነገር እውነት መሆን አለበት። ምሕንድስና ነጭ ባርኔጣ አጥልቆ ሥዕል ማሳየት ብቻ እንዳልሆነ ይነገረው። የሲቪል መሐንዲስ ሥራ ከቤተሰብ ርቆ በካምፕ መኖርን፣ ጭቃና አቧራን፣ ከተቋራጭ ጋር መከራከርን ያካትታል፤ የመካኒካሉ ሥራ በእኩለ ሌሊት የቆመ ማሽን ማስነሣትን፣ የኤሌክትሪኩ ሥራ ለአንድ ስሕተት ምሕረት የማያደርግ ጥንቃቄን፣ የኬሚካሉም ሥራ አንድን ሂደት ሳያቋርጡ ቀንና ሌሊት መከታተልን ይጠይቃል። የአምስት ዓመቱ ትምህርት የሚቆመው በሒሳብና በፊዚክስ ላይ ስለሆነ፣ እነዚህን የማይወድ ተማሪ ስሙን ብሎ ቢገባ መንገዱ ዳገት ይሆንበታል። ለሴቷም ተማሪ በግንባታ ቦታ የሚጠብቃት ችግር ሳይሸሸግ፣ ችግሩን አሸንፈው የሚሠሩት እኅቶቿ እንዳሉ ይነገራት፤ የሚሻለው ደግሞ ራሳቸው ቢነግሯት ነው። ክፉውም ደጉም ተነግሮት የመረጠ ሰው፣ ክፉው ሲመጣ ተታለልኩ አይልም።

ሥራ ሳይኖር ምክር ምን ይሠራል የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ ምክር ብቻውን ፋብሪካ አይከፍትም። ነገር ግን ሥራ በጠበበበት አገር የተሳሳተ ምርጫ ጉዳቱ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ሲሚንቶው ጥቂት የሆነበት መሐንዲስ ይበልጥ እየለካ ያፈሳል እንጂ መለካቱን አይተውም። ጊዜ የለም የሚለው ምክንያትም ቢሆን በዓመት ለሦስት ከሰዓት በኋላዎች የሚቆም አይደለም።

በዚህ መሠረት ለማኅበሩ አባላት የሚከተሉት ሐሳቦች ይቀርባሉ።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ አባል በሚሠራበት ወይም በተወለደበት አካባቢ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይያዝ። የመጀመሪያው ጉብኝት በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳይሆን ተማሪው የትምህርት ዘርፉን ከመምረጡ በፊት፣ በዘጠነኛና በአሥረኛ ክፍል ይሁን። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

ሁለተኛ፣ መሐንዲሱ ብቻውን አይሂድ። ፎርማኑን፣ ቀያሹን፣ ኤሌክትሪሺያኑን ይዞ ይሂድ፤ እነርሱም ስለ ሥራቸው በገዛ አፋቸው ይናገሩ። ተማሪው በአንድ መድረክ እኩል ተቀምጠው ሲያያቸው፣ ስለ ክብር የሚማረው ከንግግሩ ይልቅ ከአቀማመጣቸው ነው።

ሦስተኛ፣ የሥራው ቦታ ለጉብኝት ይከፈት። የደኅንነት ጥንቃቄው ተሟልቶ በአንድ ቀን የተጎበኘ የድልድይ ሥራ ከብዙ ገለጻ ይበልጣል።

አራተኛ፣ ወላጆች ይጠሩ። የምርጫው ቅጽ በልጁ እጅ ቢሞላም፣ ብዙውን ጊዜ እጁን የሚመራው የቤተሰቡ ምኞት ነው። ከፈተናው በኋላ ያላለፈው ልጅ በሰላም የሚቀመጥበትና ቀጥሎ ያለውን መንገድ የሚያስብበት ቤት የሚያስፈልገው መሆኑ ለወላጅ አስቀድሞ ይነገር።

አምስተኛ፣ መካሪው አይምረጥ። የመሐንዲስ ልማዱ ጥያቄ ሲቀርብለት መልስ መስጠት ነው፤ እዚህ ግን ሥራው ተማሪው በትክክል እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። «ምን ልሁን?» ለሚለው ወጣት ከሁሉ የሚበልጠው መልስ «ስትሠራው ሰዓቱ ሳይታወቅህ የሚያልፈው ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ነው።

በመጨረሻ ወደዚያች የወረዳ ከተማ መመለስ ያስፈልጋል። ተማሪዋ ቅጹን በሞላችበት፣ ልጁም ሞተሩን ዘግቶ ወደ ቤቱ በገባበት ወራት፣ በዚያች ከተማ አንድ መሐንዲስ ነበረ እንበል። ለመንገድ ሥራ መጥቶ ሦስት ዓመት ተቀምጧል። መኪናው ጠዋትና ማታ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ያልፋል፤ ልጆቹም እጃቸውን ያወዛውዙለታል። ጥሩ መንገድ ሠርቷል፤ የውሃ መውረጃው ሳይቀር በሥርዓት የተሠራ ነው። ከመሄዱም በፊት ስለ በያጆች እጥረት በሪፖርቱ ጽፏል። በያጅ ሊሆን የሚችለው ልጅ ከአጥሩ ወዲያ፣ ሁለት መቶ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ እንደነበረ ግን አላወቀም፤ በሩን አንኳኩቶ ስላልገባ።

በሚቀጥለው ዓመት ጉባኤ የማኅበሩ አባላት የሠሯቸውን መንገዶች፣ ድልድዮችና ሕንፃዎች እንደ ልማዱ ይዘረዝራሉ። በዝርዝሩ መጨረሻ፣ የገቡባቸውን ትምህርት ቤቶች ስም የሚይዝ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ቢኖር፣ ይህ ንግግር ዓላማውን መታ ማለት ነው።