ሞተር የሚገድለው ፈሳሽ
ዳዊት፦ ሰላም፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ መንግሥት ነዳጅ የሚበላ አሮጌ መኪናውን አስረክቦ አዲስ ለሚገዛ ሰው እስከ 4,500 ዶላር ይደጉም ነበር። አሮጌው ግን መንገድ ላይ ዳግም እንዳይታይ ሞተሩ መገደል ነበረበት።

ሰላም፦ በመዶሻ?

ዳዊት፦ ኧረ በሶዲየም ሲሊኬት! የሞተሩን ዘይት ያፈሱና ፈሳሹን ይሞሉበታል፤ ከዚያ አስነስተው ነዳጅ መርገጥ ነው። ሙቀቱ የፈሳሹን ውሃ ያተነዋል፤ የቀረው እንደ ብርጭቆ ደርቆ ብረቱን ይቧጭረዋል። በደቂቃዎች ውስጥ ሞተሩ ቀጥ!

ሰላም፦ ደህና የሚሠራ ሞተር? አንጀቴ አልቻለም። መለዋወጫ ፍለጋ የሚንከራተት ሰው ይህን ባይሰማ ይሻላል።

ዳዊት፦ የሶዲየም ሲሊኬት ሥራ ግን ማበላሸት ብቻ አይደለም። አሸዋና ሶዳ አሽ ከ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ቀልጠው የሚገኝ ነው። ካርቶን ያጣብቃል፣ የዱቄት ሳሙና ውስጥ ይገባል። ብረት አቅላጮችም የቅርጽ አሸዋቸውን ለውሰውበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲነፉበት ወዲያው ይጠጥራል።

ሰላም፦ የጃፓኑ ፉኩሺማ የኑክሌር ጣቢያ ላይም ተጠቅመውበታል አሉ።

ዳዊት፦ አዎ፣ በኤፕሪል 2011። ከ2ኛው ሪአክተር አጠገብ ወደ ባሕር የሚፈሰውን የተበከለ ውሃ በሰጋቱራና በጋዜጣ ሊደፍኑት ሞክረው አልሆነም። የቆመው ይህን ፈሳሽ መሬት ውስጥ ከጨመሩ በኋላ ነው።

ሰላም፦ እዚያስ እሰየው። የመኪናው ነገር ግን፣ ማንም ምንም ቢል፣ ለእኔ ብክነት ነው።