ለጥያቄያችሁ ታመኑ

ውድ የጤና ሳይንስ ተመራቂዎች፦ በምረቃ ቀን «ጽኑ፤ ራሳችሁን ሁኑ» ማለት የተለመደ ነው። ምክሩ መልካም ነው፤ ችግሩ ግትር ሰውም ይህንኑ እየጠቀሰ መኖሩ ነው። ስለዚህ ጽናትን ከግትርነት የሚለይ መስፈርት ያስፈልገናል። በእኔ እምነት መስፈርቱ አንድ ነው፦ ጽኑ ሰው የሚታመነው ለያዘው መልስ ሳይሆን ለተነሣበት ጥያቄ ነው።

ለዚህ ማስረጃዬ የኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት የዶክተር አክሊሉ ለማ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ቢልሃርዝያን ለማጥናት አድዋ በነበሩበት ጊዜ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የበሽታው ትል ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት የሚራባው በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ስለሆነ፣ ያዩት ነገር ትልቅ ፍንጭ ነበር። እናቶቻችን ለዘመናት ልብስ ሲያጥቡበት የኖረው ፍሬ፣ ድሃ አገር በውጭ ምንዛሪ የምትገዛውን ቀንድ አውጣ ገዳይ ኬሚካል ሊተካ ይችል ይሆን? ጥያቄው ይህ ነበር። መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልሆነም። እንዶድ በሰውና በአካባቢ ላይ ጉዳት እንደማያደርስ የሚያሳይ መረጃ ተጠየቀ፤ ጥናቱም ገንዘብና ዓመታት ፈጀ። አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ፍሬያማ ዝርያዎችን እየመረጡ፣ ሙከራውንም እየደጋገሙ ገፉበት። በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን በጋራ ሲቀበሉ ከአድዋው ምልከታ 25 ዓመት አልፎ ነበር።

«ያ ሁሉ ጥርጣሬ የአፍሪካን ሳይንቲስት ከመናቅ የመጣ ነው» የሚል ይኖራል። አክሊሉ ራሳቸውም በአፍሪካ ተመራማሪዎች ላይ ያለውን አለመተማመን በይፋ ተችተዋል። ነገር ግን ቀንድ አውጣን የሚገድል ነገር ዓሣንም ሊገድል ይችላል፤ እንዶድም ይገድላል። መረጃ መጠየቁ ተገቢ ነበር። ንቀትና ጥያቄ በአንድ አንደበት ሲመጡ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል፦ ንቀቱን አትቀበሉ፤ ጥያቄውን ግን መልሱ።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። ዛሬ ቢልሃርዝያን ለመቆጣጠር በዋናነት የሚታደለው ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ነው፤ እንዶድ የታሰበለትን ያህል አልተስፋፋም። ታዲያ ያ ድካም ከንቱ ነበር? አክሊሉ የታመኑት ለአንድ ተክል ብቻ ቢሆን ኖሮ መልሱ አዎን በሆነ። እርሳቸው ግን የአገራችንን በሽታ እኛው እናጥና ብለው እ.ኤ.አ. በ1966 የምርምር ተቋም መሠረቱ፤ ተቋሙ ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስማቸውን ይዞ ተላላፊ በሽታዎችን ያጠናል። መልሱ በሌላ ቢተካም ጥያቄው ወራሽ አግኝቷል።

«ሥራ ፈላጊ ተመራቂ ስለ ጽናት ለማሰብ ምን አቅም አለው?» ብትሉኝ ቅሬታችሁ እውነት አለው። ጽናት ለደመወዝና ለመድኃኒት እጥረት ምትክ አይሆንም፤ በጽናት ስም ጉድለትን የሚሸፍን ኃላፊም ሊጠየቅ ይገባል። አክሊሉም ቢሆኑ ብቻቸውን አልጸኑም፤ ባልደረባ ነበራቸው፣ ተቋም ነበራቸው። እናንተም በምትመደቡበት ጤና ጣቢያ መጀመሪያ የምትፈልጉት ጥያቄያችሁን የሚጋራ አንድ ሰው ይሁን። ሐሳባችሁ ውድቅ ሲደረግ የጎደለው ማስረጃ ምን እንደሆነ ጠይቁና ጻፉት፤ የሚቀጥለውን ሥራችሁን ከዚያ ጀምሩ። የተማራችሁት ለወገናችሁ ይትረፍ።