ንጉሥን ማን ይዳኘዋል?



ቀሐን ተሻግረን ወደ ትምህርት በምንመላለስባት በዚህች ከተማ የዐፄ ቴዎድሮስ ስም በየቀኑ ይነሣል። እኛ ዛሬ ከወታደርነታቸው ተነሥተን ወደ ዳኝነታቸው ልንሄድ ወደድን።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። ቋራ ግብጾች በኋላ ከያዙት ሱዳን ጋር የሚዋሰን ጠረፍ ነበር። በደጃዝማች ክንፉ ቤት ውትድርናን ተማሩ። ክንፉ ሞተው ደምቢያ ለእቴጌ መነን በተሰጠ ጊዜ፣ ካሣ ወደ ቋራ ቆላ ወርደው ሸፈቱ። ነገር ግን ዘርፎ የሚበላ ሽፍታ ብቻ አልነበሩም። አለቃ ዘነብ እንደሚተርኩልን፣ ያገኙትን ገንዘብ ለቋራ ባላገር አከፋፍለው የእርሻ መሣሪያ እንዲገዛበት አደረጉ። በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ በግብጽ መድፍ ድል ሲሆኑ፣ የሠለጠነ ጦር ምን እንደሆነ ተረዱ።

በየካቲት 1847 ዓ.ም. ስሜን ውስጥ በደረስጌ ማርያም ነገሡ። ሽፍትነት ቀርቶ ሁሉም ወደ አባቱ ሥራ፣ ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴውም ወደ ንግዱ እንዲመለስ ዐወጁ። ችሎት ተቀምጠው የድኻውን አቤቱታ በገዛ ጆሯቸው ሰሙ። ወታደሩ ባላገሩን መዝረፉን ትቶ በደመወዝ እንዲኖር አሰቡ። ለዚህ ገንዘብ ቢያስፈልግ የቤተ ክርስቲያንን ትርፍ መሬት ግብር ለሚከፍል ገበሬ ሊሰጡ ተነሡ። ካህናቱ ተቃወሙ፤ በየአውራጃው ዓመፅ ተነሣ። ዓመፁን ሊያጠፋ የዘመተው ሠራዊት ግን መልሶ ያንኑ ባላገር በላው።

በ1859 ዓ.ም. ንጉሡ ጎንደርን አስዘረፉ፤ አብያተ ክርስቲያናቷንም አቃጠሉ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላ ሲገቡባቸው ራሳቸውን ገደሉ።

ጓደኞቻችን! ጀግንነታቸውን ስናወድስ ጥፋታቸውን አንሸሽግ፤ ጥፋታቸውን ስንቈጥርም ለድኻ ማሰባቸውን አንካድ። ድኻው በእሳቸው ችሎት ተሰምቶ ነበር። የጎንደር ሰው በእሳቸው ላይ አቤት የሚልበት ችሎት ግን አልነበረም። ፍርድ በዳኛው ደግነት ላይ ብቻ ከቆመ፣ ዳኛው በተቈጣ ዕለት ይወድቃል።

አባቶቻችን «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ይሉ ነበር። ሰማዩ እንኳ አይታረስ። ነገ ከመካከላችን መኮንን፣ የእርሻ ባለሙያ፣ ዳኛ የሚሆን አለና፣ በሌላው ላይ ከመፍረዳችን በፊት በእኛም ላይ የሚፈርድ ሕግ እንዲኖር ከልብ እንፍቀድ።