ሰዓት ሲዘልና ሲመለስ ኮምፒዩተር ምን ያደርጋል?
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



አገራችን ሰዓቷን በየወቅቱ የማታስቀድምና የማታዘገይ ስለ ሆነች፣ ነገሩ የሌሎች ችግር ነው የሚሉ ጓደኞች አሉ። እኔ ግን ፕሮግራም የሚጽፍ ሁሉ ሊያስብበት ይገባል እላለሁ።

በአብዛኛው አሜሪካ ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሚሠራበት ሕግ፣ በማርች ሁለተኛው እሑድ አጥቢያ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሞላ ሰዓቱ ወደ 9 ይዘላል። በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ አጥቢያ ደግሞ ከ8 ወደ 7 ይመለሳል። እንግዲህ በማርች ያች ሌሊት 8 ሰዓት ተኩል የሚባል ጊዜ ጭራሽ የለም፤ በኖቬምበር ግን 7 ሰዓት ተኩል ሁለት ጊዜ ይመጣል። አንድ የሐኪም ቤት መዝገብ «በ7 ሰዓት ተኩል መድኃኒት ተሰጠ» ቢል፣ የትኛውን ማለቱ እንደ ሆነ በምን ይታወቃል?

ኮምፒዩተር ከዚህ ግራ መጋባት የሚድነው በውስጡ ሌላ ቁጥር በመያዝ ነው። ይኸውም ብዙዎቹ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 (እ.ኤ.አ.) እኩለ ሌሊት በግሪንዊች ሰዓት ጀምሮ ያለፉትን ሴኮንዶች መቁጠር ነው። መንግሥታት ሰዓት ቢያስቀድሙም ቢያዘገዩም ይህ ቁጥር አይነካም። በስልካችን ላይ የምናየው ሰዓት ከዚሁ ቁጥር የሚሰላው፣ የየአገሩ ደንብ በሰፈረበት መዝገብ ነው። መዝገቡን አርተር ዴቪድ ኦልሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጀመረው ሲሆን፣ ዛሬም በጎ ፈቃደኞች ያድሱታል።

ስለዚህ ትልቁ ጣጣ ከሒሳቡ ሳይሆን ከሕጉ ይመጣል። በማርች 2023 (እ.ኤ.አ.) የሊባኖስ መንግሥት ሰዓት የሚቀድምበት ሌሊት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት «ለሌላ ጊዜ አስተላልፌዋለሁ» አለ። የማሮናይት ቤተ ክርስቲያንና አንዳንድ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች እምቢ አሉ። አንዲት አገር በሁለት ሰዓት ዋለች፤ የስልኮቹም ሰዓት ተለያየ። መንግሥቱ በቀናት ውስጥ ውሳኔውን ሻረ።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። ያለፈውን ድርጊት በማይነካው ቁጥር እንመዝግብ። ለወደፊቱ ቀጠሮ ግን የቦታውን ስምና የቦታውን ሰዓት እንጻፍ፤ ሕጉ ቢለወጥ ኮምፒዩተሩ እንደገና ያሰላዋልና። አዲስ አበባና ዋሺንግተን የሚለያዩት በ8 ሰዓት ነው ብሎ ቁጥሩን በፕሮግራሙ ውስጥ የቸነከረ ሰው፣ ማርች ላይ ልዩነቱ 7 ሲሆን፣ እዚህ ስልክ የምትጠብቅ እናትና እዚያ ያለ ልጇ እንዲተላለፉ ያደርጋል። የእኛ ሰዓት ባይንቀሳቀስም የዘመዶቻችን ይንቀሳቀሳል።