ስልክ መያዝና መማር

አቅራቢ፦ ከሹም አቦ እስከ ፔዳና ፖሊ ግቢ፣ በባሕር ዳር ስልክ ያልያዘ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ማግኘት ይቸግራል። ሃንድአውቱ በቴሌግራም ይመጣል፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናውም በኮምፒውተር ሆኗል። ታዲያ ከስልክ ጋር ላደገ ወጣት ምን የዲጂታል ክህሎት ትምህርት ያስፈልገዋል? የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ጥናት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። አጥኚዎቹ 25 የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን፣ የታሪክ ምሁራንንና የመረጃ አጣሪ ባለሙያዎችን ድረ ገጾችን እንዲመዝኑ ጠየቁ። ተማሪዎቹ፣ ምሁራኑም ሳይቀሩ፣ ብዙ ጊዜ በገጹ መልክና በአርማው ተታለሉ፤ አጣሪዎቹ ገጹን ቶሎ ትተው ስለ ባለቤቱ ሌሎች የሚሉትን ፈለጉ። ስክሪን ሲነካኩ መዋል ይህን አያስተምርም።

«መጀመሪያ ኔትወርኩ ይኑር» የሚለው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንስቶ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ ክህሎት የተቋረጠ መስመር አይቀጥልም። ሆኖም እጥረቱ ራሱ ክህሎቱን ይበልጥ ተፈላጊ ያደርገዋል። መስመር ባለ ሰዓት ምን እንደሚፈልግ፣ ከየት እንደሚያወርድና በምን ስም እንደሚያስቀምጥ የሚያውቅ ተማሪ፣ በጠፋ ሰዓት የሚያነበው አያጣም። ሌላው ፒዲኤፍ ያከማቻል፤ የትኛው የማን ጽሑፍ እንደሆነ ግን አያውቅም። ስለዚህ ትምህርቱ ወርድና ኤክሴል ከማሳየት አልፎ በየትምህርት ክፍሉ አሳይመንት ውስጥ ይግባ፦ የኢንጂነሪንጉ መምህር ተማሪው የተጠቀመበት ቁጥር ከየት እንደተገኘም ይጠይቅ፤ ቻትጂፒቲ የጠቀሰውን ምንጭ ተማሪው ከፍቶ፣ መኖሩን አረጋግጦ ይምጣ።