ላባችንና እንጀራችን

(በደብራችን 30ኛ ዓመት የምሥረታ በዓል ዋዜማ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ የሰጠኝ ርእስ «ጠንክሮ መሥራትና የስደተኛው ኑሮ መሻሻል» የሚል ነው። ርእሱን ስሰማ ደነገጥሁ። የደነገጥሁትም ስለ ከበደኝ ሳይሆን ከዚህ ቀደም ስለ ተናገርሁበት ነው። ከአሥር ዓመት በፊት፣ በ20ኛው ዓመት በዓል፣ በዚሁ አዳራሽ ቆሜ «በዚህ አገር ሠርቶ የደኸየ ሰው አላየሁም» ብዬ ነበር። ብዙዎቻችሁ አጨበጨባችሁልኝ። ዛሬ የቆምሁት ያን ቃል ለማረም ነው።

ያን ጊዜ ስናገር አልዋሸሁም። በ1990 ዋሽንግተን ስገባ (ካልገለጽሁ በቀር ዓመታቱን የምጠራው በምንኖርበት አገር አቈጣጠር ነው) የተቀበሉኝ ሦስት የአገሬ ልጆች በአንዲት ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ይኖሩ ነበር፤ እኔ አራተኛ ሆንሁ። የሌሊቱ ሠራተኛ ሲመለስ የቀኑ ሠራተኛ ከአልጋው ይነሣለታል፤ አንሶላው ሳይቀዘቅዝ ሌላው ይተኛበታል። በመጀመሪያ በመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ሆንሁ፤ ኋላም ታክሲ መንዳት ጀመርሁ። ሃያ ሰዎች ሆነን በየሳምንቱ ሁለት መቶ ሁለት መቶ ዶላር ዕቁብ እንጥል ነበር። የደረሰኝን አራት ሺህ ዶላር ከቍጠባችን ጋር ጨምረን፣ በ1997 እኔና ባለቤቴ በሜሪላንድ 128 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ቤት ገዛን። የባንኩ ወለድ ከመቶ ስምንት ያህል ነበርና ቀላል ነበር ብዬ አላታልላችሁም፤ ነገር ግን ተቻለ።

ደብራችንም የቆመችው እንዲሁ ነው። ከሌላ ቤተ እምነት በተከራየነው አዳራሽ፣ ባለቤቶቹ ጸሎታቸውን ጨርሰው እስኪወጡ ከደጅ ቆመን እየጠበቅን፣ የጢስ ማስጠንቀቂያው እንዳይጮኽ ዕጣኑን በጥቂቱ እያጤስን እንቀድስ ነበር። ይህን ሕንፃ የገዛነው ከታክሲ ወንበር፣ ከሆቴል ማድ ቤት፣ ከአረጋውያን መጦሪያ በተሰበሰበ ገንዘብ ነው። እንግዲህ ያየሁትን ተናገርሁ። ስሕተቴ የአንድን ዘመን ዕድል እንደ ተፈጥሮ ሕግ መቍጠሬ ነው። ክረምቱ በሰመረበት ዓመት ያረሰ ገበሬ ምርቱን ሁሉ በክንዱ ብርታት ብቻ ያገኘው ሊመስለው ይችላል።

ክረምቱ እንዴት እንደ ተለወጠ በጥቂት ቍጥሮች ላሳያችሁ። በ1985 በአሜሪካ የአዲስ ቤት መካከለኛ ዋጋ 84 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር፤ የአንድ ቤተሰብ መካከለኛ የዓመት ገቢ ደግሞ 23 ሺህ 600 ዶላር ገደማ። ቤቱ የሦስት ዓመት ተኩል ገቢ ነበር ማለት ነው። በ2023 ቤቱ ከ420 ሺህ በላይ ሆነ፤ ገቢውም 80 ሺህ 600 ገደማ። አሁን ከአምስት ዓመት ገቢ በላይ ይጠይቃል። የፌዴራሉ መንግሥት ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከሐምሌ 2009 ጀምሮ ከ7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ፈቀቅ አላለም። ዋሽንግተን ከተማ የራሷን ከፍ አድርጋ በ2025 ወደ 17 ዶላር ከ95 ሳንቲም አድርሳው ነበር፤ ሳምንቱን 40 ሰዓት፣ ዓመቱን ያለ ዕረፍት የሠራ ሰው በዚህ ክፍያ 37 ሺህ 336 ዶላር ያገኛል። ይህም ግብር ሳይቀነስ ነው። የቤት ኪራይ የምትከፍሉ ሰዎች የቀረውን ስሌት ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

ራጅ ቼቲ የተባለው የኢኮኖሚ ሊቅና ባልደረቦቹ በ2017 ያሳተሙት ጥናት አለ። በ1940 ከተወለዱት አሜሪካውያን ከመቶ ዘጠናው ያህል አድገው ከወላጆቻቸው የበለጠ ገቢ ነበራቸው። በ1980ዎቹ ከተወለዱት ግን ይህን ያገኙት ግማሹ ያህል ብቻ ናቸው። በመካከሉ የአገሪቱ ሀብት አልጠፋም፤ ይልቁንም አድጓል። ባለ ጥናቶቹ እንደሚሉት ለውጡን በአብዛኛው ያመጣው የዕድገቱ ፍሬ የተከፋፈለበት መንገድ ነው። የልጅ ልጅ ከአያቱ ሰነፈ የሚል ቃል በጥናቱ ውስጥ አላገኘሁም።

ሌላም ጥናት አለ፤ ለእኛ የሚያጽናና ነው። ራን አብራሚትስኪና ሊያ ቡስታን የተባሉ የታሪክና የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች የስደተኞችን ልጆች ከመቶ ዓመት በላይ ተከታትለው፣ ድኻ ሆነው የገቡ ስደተኞች ልጆች በተመሳሳይ ገቢ ካደጉ የአገሬው ልጆች ይልቅ ከፍ እንደሚሉ አሳይተዋል። ይህን ስሰማ «ባህላችን ነው፣ ታታሪነታችን ነው» ልል ቸኵዬ ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን ሁለት ተራ ምክንያቶች ይጠቅሳሉ፤ ስደተኛ ሥራ ወደሚገኝበት ከተማ ይሄዳል፣ ወላጁም ባለው ችሎታ ልክ አይከፈለውም። በአገሩ መምህር የነበረ ሰው እዚህ መኪና ሲያቆም ከዋለ፣ የልጁ ከፍታ በከፊል ከአባትየው የተነጠቀው ደረጃ መመለስ ነው። በዚህ አዳራሽ እንዲህ ያላችሁ አባቶች ስንት እንደ ሆናችሁ ዐውቃለሁ።

ከመጽሐፍ ልውጣና ወደ ታክሲው ልመለስ፤ እርሱን ከማንም ይልቅ ዐውቀዋለሁና። በ2008 የዋሽንግተን ታክሲ ከቀጠና ክፍያ ወደ ቈጣሪ ሲዞር ተንጫጫን፤ ቢሆንም ኖርንበት። ከ2011 መጨረሻ ወዲህ ግን በስልክ የሚጠሩት መኪኖች መጡ። አስቀድሞ አሥር ሰዓት ነድቶ ቤተሰቡን ያኖር የነበረ ሰው አሥራ አራት ሰዓት እየነዳ ማኖር አቃተው። ሰውዬው ያው ነው፤ ላቡም ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ቅዳሜና እሑድ ደኅና ገቢ የሚገኝበት ጊዜ ስለ ሆነም ከቅዳሴ ቀረ። እኛም «ገንዘብ አሳወረው» አልን።

ከእነዚህ አንዱን ወንድማችንን ስሙን ሳልጠራ ላንሣ፤ ፈቃዱን ጠይቄ አግኝቻለሁ። ዐሥራ ስምንት ዓመት ታክሲ ነድቷል። ይህን ሕንፃ ስንገዛ ከመጀመሪያዎቹ ሰጪዎች አንዱ ነበር፤ የታችኛውን ክፍል ግድግዳ ቀለም የቀባነውም ከእርሱ ጋር ነው። በ2016 የቤቱን ዕዳ መክፈል አቅቶት ቤቱን ባንክ ወሰደበት። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል አላየነውም። አንድ እሑድ የአየር ማረፊያ ሥራ ነበረኝና ገና ሳይነጋ ሻማ ላበራ ወደ ደብሩ ብመጣ፣ ነጠላውን አጣፍቶ በመኪና ማቆሚያው ጥግ ካለው ዛፍ ሥር ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ቆሟል። «ለምን አትገባም?» አልሁት። በየሳምንቱ እንደሚመጣ፣ ምእመናን በብዛት መግባት ሲጀምሩ እንደሚሄድ ነገረኝ። ቀጥሎም እንዲህ አለኝ፦ «ለሕንፃው የሰጡ ሰዎች ስምና ገንዘብ ሲነበብ እኔ የለሁበትም። አንተም በማይክሮፎን ሠርቶ የደኸየ ሰው የለም ብለሃል። ታዲያ እኔን ከየትኛው ትቈጥረኛለህ?»

አባቶቼ፣ መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። የሚያሳፍረኝ ግን እኔ የጭሰኛ ልጅ መሆኔ ነው። አባቴ በሬዎቹን ጠምዶ ሲወጣ ኮከብ ከሰማይ አልጠፋም ነበር፤ ከምርቱ ግማሹን ለባለ መሬቱ አስረክቦ፣ ከቀረው ላይ ዘር አስቀርቶ፣ ክረምቱን በብድር እህል ይዘልቅ ነበር። ከእርሱ የበለጠ ሠራተኛ ሰው በዋሽንግተን አላየሁም። በእኛ አቈጣጠር በ1957 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ገበሬው ሰንፎ ስለ ደኸየ አልነበረም። በ1966 ዋዜማ በወሎ በረኀብ ያለቁትም ሞፈርና ቀንበር የያዙ ሰዎች ነበሩ። እኔ ይህን እያወቅሁ፣ ውቅያኖስ ተሻግሬ አንድ ቤት ስለ ገዛሁ ብቻ የሰውን ትጋት በቤቱ መለካት ጀመርሁ። ዛሬም በዐረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን አሉ፤ የመኖሪያ ፈቃዳቸው ከአሠሪያቸው ጋር በታሰረበት ሥርዐት ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ይለፋሉ። ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ሰነፉ የሚላቸው ማን ነው?

በቤቴም ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኛል። ልጄ የሆስፒታል ነርስ ናት፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ትሠራለች፤ በተረፈው ቀን በሌላ ቦታ ትደርባለች። በትንሣኤ ማዕድ ላይ «በአንቺ ዕድሜ እኛ ቤት ገዝተን ነበር» አልኋት። ዝም አለች። ሳሕኑን ካነሣች በኋላ መጥታ «አባዬ፣ አንተ ሁለት ሥራ ሠርተህ ቤት ገዛህበት። እኔ ሁለት ሥራ ሠርቼ ኪራይና የትምህርት ዕዳ እከፍልበታለሁ። ምኑን አጠፋሁ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እሑድ አብራን ለመምጣት ታመነታለች። ከዛፉ ሥር የቆመውን ሰውና ልጄን ያራቃቸው ያው የእኔ ቃል ይመስለኛል።

አንዳንዶቻችሁ «ስንፍናን ልትሰብክ ነው ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። እኔ ዛሬም ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት እነሣለሁ። ልጆች ተማሩ፣ ሥሩ፣ ዕዳ አታብዙ ማለቴንም አልተውሁም። ሥራ ግዴታችን ነው፤ ያልሠራም ቢሆን ከሠራው ጋር እኩል ያገኛል አላልሁም። የካድሁት አንድ ነገር ነው፤ ከሰው ኪስ ተነሥቶ የሰውን ትጋት ማንበብ ይቻላል የሚለውን።

በመምህራን ፊት ወንጌል ልጠቅስ በመድፈሬ ይቅር በሉኝ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 በተጻፈው የወይን አትክልት ምሳሌ ውስጥ በዐሥራ አንደኛው ሰዓት ገበያ ላይ ቆመው የተገኙ ሰዎች አሉ። ባለ አትክልቱ ለምን ሥራ ፈትተው እንደ ቆሙ ሲጠይቃቸው የሚቀጥራቸው እንዳጡ ይነግሩታል። እርሱም መልሳቸውን አልተጠራጠረም፤ ላካቸው እንጂ። ትርጓሜው ጥልቅ እንደ ሆነ፣ ስለ መንግሥተ ሰማያት እንደሚናገርም ዐውቃለሁ። እኔ ግን እንደ ቀን ሠራተኛ ሳነበው ልቤ የሚቆመው ከዚያ ጥያቄና መልስ ላይ ነው። እኛ ከዛፉ ሥር የቆመውን ወንድማችንን እንኳ አልጠየቅነውም።

ስለዚህ በዚህ በዓል አንድ ነገር እለምናለሁ። ለሕንፃው የሚሰጠው ገንዘብ በዐውደ ምሕረት መጠኑ መነበቡ ይቅር። ሒሳቡ በጽሑፍ ይመርመር፤ ኦዲተሩም ይየው፤ ደረሰኝም ለሰጪው ይሰጠው። የወር መዋጮውም ለሁሉ አንድ ልክ ከሚሆን፣ የቸገረው ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ተነጋግሮ የሚችለውን ይክፈል፤ ካልቻለም ምክንያቱን ለኮሚቴ ማስረዳት አይገደድ። እኛን ቤት ያስገዛን ዕቁብ ነበርና፣ ወጣቶቹ ለቤት ቅድሚያ ክፍያ የሚሆን ዕቁብ በደብሩ ሥር ቢያቋቍሙ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ዕጣዎች እኛ ሽማግሌዎቹ ለመተው ፈቃደኞች ነን፤ ስምንት ሆነን ተነጋግረናል።

ከገንዘብ ያዦቻችን አንዱ፣ የማከብረው ወዳጄ፣ «ስም ካልተነበበ ገቢው ይቀንሳል» ብሎኛል። ልምድ ያለው ሰው ነውና ምናልባት ልክ ይሆናል። የጣራው ጥገናም ገና አላለቀም። ቢሆንም የጣራው ሥራ አንድ ክረምት ቢዘገይ እመርጣለሁ። ጥያቄዬን በጽሑፍ ለሰበካ ጉባኤው አስገብቻለሁ፤ ከዐቢይ ጾም በፊት በሚደረገው ስብሰባ እንዲታይልኝ አባቶችን በትሕትና እጠይቃለሁ። በ20ኛው ዓመት ንግግሬ ያዘነብኝ ሰው ካለም ስለ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።