ሐሰተኛው ማስጠንቀቂያና እውነተኛው ጥበቃ



ከቶጎ ውጫሌ ወደ ጅግጅጋ ዕቃ ጭኖ የሚጓዝ ነጋዴ በፍተሻ ኬላ ማለፉ የተለመደ ነው። ፈታሹ እያንዳንዱን ጥቅል ፈትቶ ለማየት ጊዜ ስለማይበቃው የጭነቱን አስተሳሰርና መልክ አይቶ ይገምታል። በዚህም የተነሣ ቀረጥ የተከፈለበት ዕቃ አንዳንድ ጊዜ ኮንትሮባንድ መስሎ ይያዛል። ነጋዴው ግን ደረሰኙን አውጥቶ ያሳያል እንጂ ኬላው ይፍረስ አይልም። የዚህ ንግግር ርእስ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል የኮምፒዩተር ሙያ ችግር ነው፤ ይኸውም ፀረ ቫይረስ ንጹሑን የፕሮግራም መጻፊያ መሣሪያ በቫይረስነት ጠርጥሮ እንዳይጫን ሲከለክል የሚደርሰው እንቅፋት ነው።

ሁኔታው ለሙያተኛው እንግዳ አይደለም። አንድ ተማሪ በጅግጅጋ፣ በቀብሪ በያህ ወይም በአውበሬ ተቀምጦ የአንድ ፕሮግራም ቋንቋ መሣሪያ መጫን ይጀምራል። ሥራው ሳያልቅ ፀረ ቫይረሱ ከፋይሎቹ አንዱን ነጥቆ ወደ ማቆያ ያስገባዋል። መጫኑ የተጠናቀቀ ቢመስልም መሣሪያው አይሠራም፤ ተማሪውም ጥፋቱ የራሱ እየመሰለው ደጋግሞ ይሞክራል። በመጨረሻ የሚሰጠው ምክር ብዙውን ጊዜ «ፀረ ቫይረሱን አጥፋው» የሚል ነው። ይህ ምክር ግን ሊመረመር ይገባዋል።

በመጀመሪያ ስሕተቱ ከየት እንደሚመነጭ መረዳት ያስፈልጋል። ፀረ ቫይረስ አንድን ፋይል ሲመዝን በተለይ ሦስት ነገሮችን ይመለከታል፤ ከታወቁ ቫይረሶች ጋር ያለውን መመሳሰል፣ ሲሠራ የሚያሳየውን ጠባይ፣ እንዲሁም በሌሎች ኮምፒዩተሮች ዘንድ ያለውን ታዋቂነት። የፕሮግራም መሣሪያዎች በሦስቱም ይጠረጠራሉ። አዲስ ፋይል መፍጠርና የሌላውን ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ መመርመር የዘወትር ሥራቸው ነው፤ ቫይረስም ይህንኑ ያደርጋል። ተማሪው ዛሬ የጻፈው ፕሮግራም በዓለም ላይ አንድ ቅጂ ብቻ ስላለው የሚመሰክርለት የለም። የፓይዘን ፕሮግራሞችን ጠቅልሎ የሚያዘጋጀው ፓይኢንስቶለር ለሁሉም ተመሳሳይ ማስነሻ ስለሚጠቀም፣ ክፉዎች በዚሁ መሣሪያ የሠሩት ሲያዝ የደጎቹም አብሮ ይያዛል። ፍሬድ ኮኸን የተባሉት አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳስረዱት፣ ቫይረስን ሁሉ ያለ ስሕተት የሚለይ ፕሮግራም ሊኖር አይችልም። ስለዚህ ስሕተቱ ሊቀነስ እንጂ ፈጽሞ ሊወገድ አይችልም።

ሚያዝያ 13 ቀን 2002 ዓ.ም. ማካፊ የተባለው ኩባንያ ያሰራጨው የቫይረስ መለያ መዝገብ የዊንዶውስ ኤክስፒን አንድ አስፈላጊ ክፍል ቫይረስ ነው ብሎ በመፍረዱ፣ በብዙ ስፍራ ኮምፒዩተሮች ደጋግመው እየጠፉ ይነሡና ከመረብ ይቋረጡ ነበር። ኩባንያው ፈጥኖ ማረሚያ አወጣ። ማረሚያ የሚደርሰው ግን መስመር ላለው ነው። የኢንተርኔት መስመር በሚደክምበት ከተማ አሮጌው መዝገብ ከነስሕተቱ ይሰነብታል፤ መሣሪያውም ከአዘጋጁ በቀጥታ ሳይሆን ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር ፍላሽ ይመጣል። የሐሰት ማስጠንቀቂያ የሚበዛበት ስፍራ እውነተኛው አደጋም የሚበዛበት ስፍራ መሆኑ እዚህ ላይ ሊስተዋል ይገባል።

የዚህ አደጋ መጠን በቻይና ታይቷል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. እንደተገለጠው፣ ለአፕል ስልኮች ፕሮግራም የሚጽፉ አንዳንድ ሙያተኞች ከአፕል ማውረዱ ቢዘገይባቸው ኤክስኮድ የተባለውን መሣሪያ ከሌላ ስፍራ ወሰዱ። መሣሪያው ተንኮል ተጨምሮበት ስለነበር በእርሱ የተሠሩት ፕሮግራሞች፣ እጅግ የታወቀው ዊቻት ሳይቀር፣ ተንኮሉን ተሸክመው ወደ ተጠቃሚው ስልክ ገቡ። አፕልም መሣሪያው ከራሱ ብቻ እንዲወሰድና ጌትኪፐር የተባለው የኮምፒዩተሩ ጠባቂ እንዳይጠፋ አሳሰበ። የተመረዘ መሣሪያ የሚጎዳው ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን የእጁን ሥራ አምኖ የተቀበለውን ሁሉ ነው።

ታዲያ የፕሮግራም ጸሐፊው ደረሰኝ ምንድን ነው? ሻ-256 የሚባለው አሻራ ነው። ብዙ አዘጋጆች ለሚያወጡት ፋይል 64 ፊደላትና አኃዞች ያሉትን አሻራ በይፋ ገጻቸው ላይ ያሰፍራሉ። ትልቁ ፋይል በፍላሽ ቢመጣ እንኳ 64ቱ ምልክቶች በደካማ የስልክ መስመር ሊነበቡ ይችላሉ። በዊንዶውስ ውስጥ ያለው ሰርትዩቲል የተባለው ትእዛዝ በእጅ ያለውን ፋይል አሻራ ያወጣል። አንዲት ምልክት ብትለይ ፋይሉ አይጫን። ሁለቱ ከገጠሙ ለዚያ ፋይል ወይም ፎልደር ብቻ ፈቃድ ይሰጥ፤ ጥበቃው በሌላው ሁሉ ላይ ይቀጥል፤ ስሕተቱም ለፀረ ቫይረሱ ኩባንያ ይገለጥ። ሆኖም አዘጋጁ ራሱ ተጠቅቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ብዙ ፀረ ቫይረሶች በአንድ ድምፅ ሲቃወሙ መታገሥ ይሻላል።

በጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በየከተማው ኮሌጅና መሥሪያ ቤት አንድ ኃላፊ መሣሪያዎቹን ከአዘጋጆቹ አውርዶ፣ መርምሮ፣ ከነአሻራቸው በአንድ ዲስክ ቢያኖር የብዙ ተማሪዎች ድካም ይቀላል። ወጪው ጥቂት ነው፤ የሚያስተምረው ልማድ ግን ብዙ ዘመን ይዘልቃል። ደረሰኝ የያዘ ነጋዴ ከኬላው ላይ ጥቂት ቢዘገይ ነው፤ ኬላው የፈረሰ ዕለት ግን የማን ዕቃ ወዴት እንደሚያልፍ የሚያውቅ አይኖርም።